የመጨረሻው እጥፍ

እኛ ቤት መጽሐፍ የሚነበበው ተፈትቶ ነበር። አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር፤ ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ሰዎች ጀርባው የተላቀቀ፣ ገጹ የረገፈ መጽሐፋቸውን ያመጡለታል፤ እሱ የድሮውን ክር በጥሶ ይፈታዋል፣ የደረቀውን ሙጫ ይፍቃል፣ እናቴ እንደ አዲስ ትሰፋዋለች፣ መጨረሻ ላይ ልባስ ይለብሳል። ይህን ሥራ ያላየ ሰው መጽሐፍ ሲፈታ አንድ አንድ ቅጠል ሆኖ የሚበተን ይመስለዋል። አይደለም። ጥቂት ጥቂት ወረቀቶች አንድ ላይ ታጥፈው ወገባቸው ላይ የተሰፉ ናቸው፤ አንዱን ጥቅል እኛ እጥፍ እንለዋለን። አባቴ እንዳይደባለቁበት በየእጥፉ ግርጌ በእርሳስ ቁጥር ይጽፍና ለእናቴ በተራ ይደረድርላታል።

የኔ ሥራ ማንበብ ነበር። እጄን ታጥቤ፣ አንድ እጥፍ ብቻ ወስጄ፣ አንብቤ፣ ቦታው መልሼ፣ ሌላ እወስዳለሁ። እናቴ ደግሞ በተራዋ አንብባ ትሰፋዋለች። «ምን እንደምሰፋ ሳላውቅ አልሰፋም» ትል ነበር። እጥፉ አንዴ ክር በተወጠረበት የመስፊያ ጣውላ ላይ ከወጣ በኋላ መንካት ክልክል ነው፤ ክሩ ይላላል። ስለዚህ ልጅነቴን ሙሉ ከመርፌዋ ፊት ፊት እየሮጥኩ አነበብኩ። «አይጤ» ብላ የምትጠራኝም ለዚህ ነው፤ ወረቀት በላተኛ ስለነበርኩ።

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንድ መምህር የተበጣጠሰ ወፍራም ልቦለድ አመጣ። መግቢያው «ከኬልቶች የጥንት ተረት የተቀዳ» ይላል። ኬልት የጥንት የአውሮፓ ሕዝብ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም፤ እናቴም አላወቀችም። «የሰፈር ስም ይሆናል» ብላኝ ቀጠለች። ሃያ ሁለት እጥፍ ነበረው።

እንደዚያ ያለ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም ነበር። ዝናቡ የማያባራ ደሴት አለ። ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ጉም ሲወርድ ቁጥራቸው ይለወጣል። አረንጓዴ ኮረብታዎች አሉ፤ ከሥራቸው ሌላ ሕዝብ ይኖራል፤ መልኩ የሚያምር፣ ልቡ የማይታወቅ፣ ሙዚቃ የሚወድና ሰው የሚሰርቅ ሕዝብ። ንግሥታቸው ስትቆጣ ቁራ ትሆናለች። የባለታሪኮቹ ስም አፍ ውስጥ አይገባም፤ ግማሹ ፊደል ትርፍ ነው። እናቴና እኔ የራሳችንን ስም አወጣንላቸው፤ ንግሥቲቱ «ቁራዬ»፣ ዘፋኙ ሽማግሌ «አንጎራጓሪው»፣ ዋናዋ ልጅ ደግሞ «ጸጉረ ቀይዋ»።

«ይሄ ደራሲ ዝናብ ይወዳል» አለችኝ እናቴ ሰባተኛውን እጥፍ እየሰፋች። «ልብስ አጥቦ አስጥቶ አያውቅም ማለት ነው።»

«እማዬ፣ ዝም ብለሽ አንብቢ።»

«አነባለሁ። ግን ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ደረቅ ጫማ አድርጋ አላየኋትም። እናቷ የት ሄዳ ነው?»

እናቷ ተሰርቃ ነበር። ታሪኩ እሱ ነው። የኮረብታው ሰዎች የጸጉረ ቀይዋን እናት ይወስዱና ከጊዜ በኋላ አንዲት ሴት ትመጣለች። እናቷን ትመስላለች፤ ግን ከስታለች፣ ድምፅዋ ሌላ ነው፣ እንደ ጭቃ ትሸታለች። መንደርተኛው «ይቺ እሷ አይደለችም፤ ምትክ ትተውላችሁ ነው» ይላል። አንጎራጓሪው ሦስት ነገር ያስጠነቅቃታል። ከምትኳ እጅ ምንም አትቀበይ። ብረት አጠገቧ አድርጊ፤ የኮረብታ ሰው ብረት አይችልም። ከሁሉም በላይ እናትሽን በምትጠሪበት ቃል እንዳትጠሪያት፤ በዚያ ቃል አንዴ ከተጠራች ለዘለዓለም ቤትሽ ትቀራለች፣ እናትሽም በዚያው ትቀልጣለች። እንደ አላፊ እንግዳ በትህትና አነጋግሪያት፣ ልብሽን ድንጋይ አድርጊ፣ ስትሄድ እናትሽ ትመለሳለች።

ሃያ አንደኛው እጥፍ የሚያልቀው ጸጉረ ቀይዋ እንግዳዪቱን ለማስወጣት በሩን ስትከፍት ነው። ሃያ ሁለተኛውን አላገኘሁትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከአባቴ ጋር ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ ወረፋ ስጠብቅ አነበዋለሁ ብላ የመጨረሻውን እጥፍ በቦርሳዋ ይዛዋለች። ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንዴ ብትቀድመኝ ያን ቀን ነው። ተናደድኩ። ማታ ትሰጠኛለች ብዬ በር በር እያየሁ ቆየሁ። አባቴ ብቻውን መጣ።

አራት ወር አስተኟት። ልጅ አይገባም ተባለ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ቤቱን ልትይዝ መጣች፤ ወሬ የማያልቅባት፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። የመስፊያው ጣውላ እናቴ እንደተወችው መስኮቱ ሥር ቆመ፤ ሃያ አንድ እጥፎች ተሰፍተው፣ መርፌዋ በክሩ ጫፍ ተንጠልጥላ። መምህሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀ። አባቴ «የሚቀረው አንድ እጥፍ ነው» አለው፤ መምህሩም ጣውላውን አየ፣ አባቴን አየና ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታክሲ በር ላይ ቆመ፤ አባቴ አንዲት ሴት አቅፎ ገባ።

ክብደት የሌላት ይመስል በአንድ ክንዱ ነው የያዛት። ራሷ ላይ ጸጉር የለም። አንገቷ ላይ ፋሻ ተጠምጥሟል፤ ስትናገር ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ጉሮሮዋን ቱቦ ልጦት እንደነበር የነገረኝ የለም። የመድኃኒትና የአልጋ ሽታ ነበራት። እናቴ ሙጫና ሳሙና ነበር የምትሸተው። አልጋው ላይ ካስተኟት በኋላ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች።

«አይጤ» አለችኝ።

ስሜን ሳይቀር አስጠንተዋታል አልኩ በልቤ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ በኮሪደሩ ላይ ስትነግራት ሰማሁ። «ምን እልሻለሁ፣ ይቺ እኮ እሷ አይደለችም። እሷ እዚያው ቀርታለች። የመለሱልን ልብሷን ነው።» ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ትልልቆቹም ያውቃሉ ማለት ነው። ያውቃሉ፣ ግን ምን እንደሚደረግ አያውቁም፤ መጽሐፉን አላነበቡም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ቆራጥ ሆኜ አላውቅም። ከአልጋዋ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር የምቆመው። ብርቱካን ስትዘረጋልኝ እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። ማታ ልትስመኝ ስትጠራኝ ወለሉን አያለሁ። አባቴ «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው፤ ትለምዳለች» ይላል። ልለምድ አይደለም ያሰብኩት፤ እናቴን ላስመልስ ነው።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከትራሷ ሥር ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ግርጌው ላይ የአባቴ እርሳስ ይታየኛል፤ ሃያ ሁለት።

«የመጨረሻውን አላነበብሽውም» አለችኝ። በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች። «ነይ፣ ጎኔ ተቀመጪ። ላንብብልሽ።»

እግሬ አንድ እርምጃ ሄደ። ይህን መናገር አለብኝ፤ ሄደ። ያን እጥፍ ለማንበብ አራት ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ጠብቄያለሁ። ከዚያ አንጎራጓሪው ትዝ አለኝ፤ ከእጇ ምንም አትቀበይ። ደግሞም የኮረብታው ሰዎች ሰውን በሚወደው ነገር ነው የሚያጠምዱት፤ ጸጉረ ቀይዋን በሙዚቃ፣ እኔን በወረቀት።

«አልፈልግም» አልኩ።

«አጭር ናት። ደስ የምትል ናት።»

«አልፈልግም አልኩ።»

እጇ ወረቀቱን እንደያዘ ጥቂት አየር ላይ ቆየ። በኋላ ደከማትና አልጋው ላይ ወደቀ።

በማግስቱ የአባቴን ትልቁን የካርቶን መቀስ ሰርቄ ፍራሿ ላይ፣ ከአንሶላው ሥር፣ ልክ ጀርባዋ የሚያርፍበት ቦታ አስገባሁ። ስታቃስት ሰማሁ። ብረቱ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ቀን አቃሰተች። በሦስተኛው ቀን አክስቴ አንሶላ ስትቀይር አገኘችው።

«ምንድነው ይሄ ደግሞ? ማነው እዚህ የከተተው? ጀርባዋን እዩት እስቲ፣ ጀርባዋን።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ተመለከተች። በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጥፍሬን ልቆርጥ ብዬ።»

«በዚህ መቀስ?»

«ታዲያ በጥርሴ ልቁረጠው?»

አክስቴ እያጉረመረመች መቀሱን ይዛ ወጣች። እኔ ይህንንም በመጽሐፉ ተረጎምኩት፤ ብረት እንደምትፈራ እንዳይታወቅባት ነው የዋሸችው አልኩ። ለወራት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጀርባ ምን እንደሚመስል ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አክስቴን ራሷን ሳስታምም ነው። ቁስሏን አጥቤ ሳበቃ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አክስቴ ምን ነካሽ ብትለኝ ሽታው ነው አልኳት።

ከመቀሱ በኋላ ሴትዮዋ መብላት ተወች። አባቴ ሱቁን ዘግቶ አጠገቧ ይውል ጀመር። ትልልቆቹ ድምፅ ቀንሰው ያወራሉ። «ቀን ነው የምትቆጥረው» የሚል ነገር ሰማሁ፤ ለመሄጃዋ እየተዘጋጀች ነው ማለት ነው። አሁን በትህትና ብጠይቃት አይከፋም አልኩ። አንድ ጠዋት አባቴ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ፣ አክስቴ ልብስ ስታጥብ፣ ከአልጋዬ ተነስቼ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ።

ዓይኗ ተከፍቷል። ከሌላው ቀን ሁሉ ቀረብ ብዬ ቆምኩ።

«እናቴ የት ናት?» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ፊቷ ላይ ተለወጠ፤ የማላውቀው እንቆቅልሽ የተፈታላት ትመስል ነበር። ሥራችን ላይ እያለን ከእጥፉ መሐል የጎደለ አንድ ገጽ ፈልጋ ስታገኝ እንደዚያ ነበር የምትሆነው።

«ኮረብታው ሥር» አለች።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ታስብሻለች።»

«መቼ ነው የምትመልሷት?»

«እኔ ስሄድ።»

«ብዙ ትቆያለሽ?»

«አይ። ብዙ አልቆይም።»

የምፈልገውን መልስ አግኝቻለሁ። አንጎራጓሪው እንዳዘዘው፣ ለአላፊ እንግዳ እንደሚገባው፣ ለደንበኛና ለጎረቤት ሴት እንደምለው፣ ጎንበስ ብዬ «እሺ፣ እትዬ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ከዓይኗ ጥግ አንድ ነገር ወርዶ ወደ ጆሮዋ ሄደ። «ጎበዝ» አለች። ልወጣ ስል ደግሞ ጠራችኝ።

«እግርሽ ባዶ ነው» አለችኝ። «ይበርድሻል።»

ያን ነገር ካለችኝ በኋላ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ይመስል አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። እኔ ጫማዬን ላደርግ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት ሞተች። ቤቱ በሰው ተሞላ። አክስቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጮኸች፤ አባቴ ማንም የማያየው መስሎት የመጽሐፍ መጭመቂያውን እጀታ ያዘና ራሱን ደገፈበት። እኔ ግን ደስታዬን መሸሸግ አቅቶኝ ነበር። ጸጉሬን ራሴ አበጠርኩ። የእናቴን ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥቼ በጨርቅ ወለወልኩና በሩ አጠገብ፣ ስትገባ እግሯን እንድታስገባበት ወደ ውስጥ አዙሬ አስቀመጥኩት። የመስፊያውን ጣውላ አቧራ ጠረግኩ። አክስቴ ይህን ሁሉ ስታይ ለልብስ ሰፊዋ «የዚች ልጅ ልብ ድንጋይ ነው» አለቻት። ልብሽን ድንጋይ አድርጊ የሚለው ትዝ አለኝና ኮራሁ።

ከቀብር ሲመለሱ በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። አባቴ ነጠላ ጫማውን አየ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«እማዬን።»

እዚያው ደረጃው ላይ፣ በቀብር ልብሱ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ሞት ምን እንደሆነ ያልገባት ሕፃን መስዬው ነበር፤ እስኪሞት ድረስም እንደዚያው ያምን ነበር። እኔም አላረምኩትም። ሞት ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም፤ የሞተችውን ሴት ማንነት ነው የተሳሳትኩት።

ስንት ቀን እንደጠበቅኩ አላስታውስም። ነጠላ ጫማውን አንድ ቀን አንድ ሰው አነሳው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ክፍል ውስጥ፣ የሂሳብ ትምህርት እየተማርን፣ ያለ ምንም ምክንያት ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። መምህርቷን አስፈቅጄ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮረብታና ስለ ጉም የሚያወራ መጽሐፍ በእጄ አልያዝኩም። የዚያን መጽሐፍ መጨረሻ ከማንም አልጠየቅኩም፣ ሌላ ቅጂም አልፈለግኩም። ማወቅ አልፈለግኩም።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ሱቁን ላስረክብ ዕቃ ሳወጣ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሃያ አንድ የተሰፉ እጥፎች፣ ክሩ ጫፍ ላይ የዛገች መርፌ፣ ከላይ ደግሞ ሃያ ሁለተኛው እጥፍ። መምህሩ ለቅሶ መጥቶ ስለ መጽሐፉ ቃል ሳይተነፍስ ሄዷል፤ አባቴም ሊጨርሰው አልቻለም። በሌላ ሰው እጅ ሊያሰፋው ይችል ነበር፤ ይህን አላደረገም።

የመጨረሻው እጥፍ ለሁለት ታጥፎ በቦርሳ ስለኖረ መሐሉ ላይ መስመር ሠርቷል። ቆሜ አነበብኩት። አሥራ ስድስት ገጽ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ጸጉረ ቀይዋ በሩን ከፍታ እንግዳዪቱን «ሂጂ» ትላታለች። ውጪ እንደ ልማዱ ዝናብ ነው። ሴትዮዋ አትለምናትም፣ አታለቅስም። ደጃፉ ላይ ትደርስና ዞር ብላ የልጅቷን እግር ታያለች። «እግርሽ ባዶ ነው፤ ይበርድሻል» ትላታለች። በዚህ ታውቃታለች። ምትክ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ የኮረብታው ሰዎች የወሰዱትን ያንኑ ሰው ነው መልኩን አበላሽተው የሚመልሱት። አንጎራጓሪውም የእነሱ ሰው ነበር። የተወሰደ ሰው መልኩ የሚመለስለት በዚያ በተበላሸ መልኩ እንዳለ በወትሮው ቃል የሚጠራው ካገኘ ብቻ ነው።

ያን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። እናቴ ይህን ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አንብባዋለች። ልታነብልኝ ሞከረች፤ እምቢ አልኳት። ከዚያ ያን ጠዋት ቃሉን ራሱን ነገረችኝ። ወይም ደግሞ አልነገረችኝም፤ እግሬ እውነትም ባዶ ነበር፣ ወለሉም ይቀዘቅዛል፣ የትኛዋም እናት ያን ትላለች። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ሁለቱንም አስቤ አንዱም አልቀለለኝም።

የሱቁን በር ዘጋሁ። የእሷ በርጩማ አሁንም መስኮቱ ሥር ነበር። ተቀመጥኩና እጥፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ዝናቡን፣ በሩን፣ ባዶ እግሩን። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጸጉረ ቀይዋ የምትናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አፍንጫዬን ጠረግኩ፣ እንደገና አነሳሁት።

«እማዬ» አልኩ።